ጥር ላይ የተሰበሩ 1,846 ሊንኮች፦ ከጎንደር ፒያሳ አንድ የጉዳይ ጥናት

ስልኩ የተደወለልኝ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም፣ አርብ ጠዋት ነው። ገና ካለፈ ሦስተኛው ቀን። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህ ሳምንት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ጾሙ ተፈቷል፣ ሰርጉ ጀምሯል፣ ለጥምቀት ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ጊዜ ነው።

የደወሉት የአንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ባለቤት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። «የደንበኞቹ ፎልደር ባዶ ሆነብን። የሁሉም! ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ።

ስደርስ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የባለቤታቸው ሙት ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። የፈለጉት ፎቶ በ2011 ዓ.ም በልጃቸው ሰርግ የተነሳ ነው። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ስትስም፣ እሳቸው እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው ሲመርቁ። «ፎቶ አይወድም ነበር። ደህና አድርጎ የተነሳው ያን ቀን ብቻ ነው» አሉኝ። የፎቶ ቤቱ ልጅ «ጠፍቷል እማማ» ብላቸዋለች። እሳቸው ግን አልተነሱም። «እስኪ ደግማችሁ እዩልኝ ልጆቼ» ይላሉ።

ይህን ያነሳሁት ለማሳዘን አይደለም። የሥራው መጨረሻ ከእሳቸው ፎቶ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከሌሎቹ 1,845 ሊንኮች ሳይሆን ከእሳቸው ነው።

ነገሩ እንዴት ነው የተሠራው

ሰርቨሩ (የጋራ ፋይሎች ያሉበት ኮምፒውተር) ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። አምስት ኤዲተሮች በዊንዶውስ ኮምፒውተር ሆነው ሳምባ በሚባለው ፎልደር አጋሪ ፕሮግራም በኩል ይገቡበታል። የሚያዩት «ስቱዲዮ» የሚባል አንድ የጋራ ፎልደር ነው። በውስጡ ሁለት ዋና ነገር አለ። አንደኛው «ማህደር» ነው፤ ፎቶውና ቪዲዮው ራሱ በዓመት፣ በዓይነትና በቁጥር ተደርድሮ ይቀመጥበታል። ለምሳሌ ማህደር/2013/ሰርግ/0412። ሁለተኛው «ደንበኞች» ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በስሙ ፎልደር አለው፤ ቀለበት፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና። በነዚህ ውስጥ ግን አንድም ፎቶ የለም። ያለው ወደ ማህደር የሚወስድ ሲምሊንክ ብቻ ነው።

አሠራሩን እወደዋለሁ። ፎቶው አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል፣ ዲስክ አይባክንም፣ ኤዲተሩ ደግሞ በደንበኛው ስም ገብቶ ያገኘዋል።

ሲምሊንክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብል ይቀለኛል። እኛ አገር ቤት በቁጥር አይገኝም። «ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብለህ፣ ፋርማሲው ጋ ስትደርስ በስተቀኝ» ነው የሚባለው። ሲምሊንክ ያ አቅጣጫ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ናት። ውስጧ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ያነባትና ወደተባለበት ይሄዳል። ቤቱ እዚያ መኖር አለመኖሩን ወረቀቷ አታውቅም። ፋርማሲው ሲዘጋ ወይም ሌላ ሰፈር ሲገባ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው አይለወጥም።

ሃርድ ሊንክ የሚባለው ሌላ ነው። አንድ ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስምም አለው። በየትኛውም ብትጠራው የሚመጣው ያው ሰው ነው። ሃርድ ሊንክም እንደዚያ ነው፤ ሁለት ስም፣ አንድ ኢኖድ (ዲስኩ ላይ ያለው የፋይሉ መዝገብ)። ግን ከአንድ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት አሠራር) ወደ ሌላ አይሻገርም፣ ለፎልደርም አይሠራም። ቢኤስዲ 4.2 የሚባለው የዩኒክስ ስሪት በፈረንጆቹ 1983 ሲምሊንክን ይዞ የመጣው እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ፎቶ ቤቱም የተጠቀመው ሲምሊንክን ነው።

ችግሩ የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። ድሮ ሰርቨሩን ያቆመው ልጅ የማህደሩን ዲስክ በስርዓት አልሰካውም ነበር። ዲስኩን ይሰካል፣ ኡቡንቱ በራሱ ይከፍተዋል። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ የሚከፈተው «ሚዲያ» በሚባለው ፎልደር ሥር፣ በተጠቃሚው ስምና በዲስኩ መጠሪያ ነው። ሊንኮቹ ሁሉ የተጻፉት በዚያ አድራሻ ነው። ከዚያ ዲስኩ መንቋቋት ጀመረ። ሌላ ባለሙያ ተጠራና ሁሉንም ወደ አዲስ 4 ቴራባይት ዲስክ ገልብጦ፣ አዲሱን በትክክለኛው ቦታ፣ /ስቱዲዮ/ማህደር ላይ ሰካው። የሠራው ሥራ ለብቻው ሲታይ ምንም ስህተት የለበትም። አንድም ፎቶ አልጎደለም። ሊንኮቹ ግን አሁንም የሚሉት «ሚዲያ ሥር ፈልገኝ» ነው።

ሳምባ ደግሞ መድረሻው የሌለን ሲምሊንክ ለዊንዶውስ አያሳይም። ስህተት ነው ብሎ አይናገርም፤ ከዝርዝሩ ያስቀረዋል እንጂ። ስለዚህ ኤዲተሮቹ የታያቸው የተሰበረ ነገር ሳይሆን ባዶ ፎልደር ነው። ደንበኛ ፊት ቆሞ ባዶ ፎልደር የሚያይ ሰው «ጠፍቷል» ቢል አልፈርድበትም።

«ቀያዮቹን ላጽዳቸው?»

ሰርቨሩ ፊት የጋሼ የእህት ልጅ ተቀምጧል። ጎበዝ ልጅ ነው። ተርሚናል ከፍቶ የደንበኞቹን ፎልደር ዘርዝሯል። ስክሪኑ በጥቁር ላይ ቀይ በቀይ ሆኗል። ኡቡንቱ የተሰበረ ሊንክ የሚያሳየው በዚህ ቀለም ነው።

«እነዚህ ቀያዮቹ የሞቱ ናቸው አይደል ወንድሜ? ላጽዳቸው?» አለኝ። ትዕዛዙን ስልኩ ላይ አግኝቶ ጽፎታል። ፋይንድ (ፈልግ)፣ የተሰበሩ ሊንኮች፣ ዲሊት (ሰርዝ)። የቀረው ኢንተር መጫን ብቻ ነው።

«ቆይ! እንዳትነካው!» አልኩት። ሳላስበው ጮኼ ነበር።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱን ቀይ ሊንክ መርጬ «ሪድሊንክ» አልኩት። ይህ ትዕዛዝ ሊንኩን ተከትሎ አይሄድም፤ ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን ብቻ ያነባል። መጨረሻው ላይ 2013/ሰርግ/0412 የሚል ወጣ። «የእነዚህ ሰዎች ሰርግ 0412 መሆኑ ሌላ የት ተጽፏል?» ብዬ ጠየቅኩት።

አሰበ። ደረሰኝ ጥራዝ ላይ አለ፤ ግን የ2010 እና የ2011 ጥራዞች የሉም። ባክአፕስ? ባክአፑ የሚወሰደው ፋይል ሲስተሙ ኤክስፋት በሆነ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ነው። ኤክስፋት ሲምሊንክ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ማህደሩ በሙሉ ተቀድቷል፣ ሊንኮቹ ግን አንዳቸውም እዚያ የሉም።

ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች በቁጥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የትኛው ቁጥር የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ የሚያውቁት እነዚያ ቀያይ ሊንኮች ብቻ ነበሩ። የተሰበረ ሊንክ ቆሻሻ አይደለም። ቤቱ የት እንደነበር፣ ቁጥሩ ስንት እንደነበር አሁንም ይናገራል። ሰርዞ እንደገና መሥራት የሚቻለው ምን እንደነበረ ሌላ ቦታ ላይ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ያን ጠዋት አንድ ሌላ ምክርም በስልክ መጣልን። «ኤፍኤስሲኬ አስኪዱት» የሚል፤ ፋይል ሲስተም መርምሮ የሚጠግነውን ትዕዛዝ ማለት ነው። ምክሩ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። በመጀመሪያ፣ ተሰክቶ ሰው እየሠራበት ያለ ፋይል ሲስተም ላይ ጥገናውን ማስኬድ የደህናውን ዲስክ ሜታዳታ (የፋይሎቹን መዝገብ) ሊያበላሽ ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ ፋይል ሲስተሙ አልታመመም። መድረሻ የሌለው ሲምሊንክ በፋይል ሲስተሙ ዓይን ሙሉ ጤነኛ ፋይል ነው። ኤፍኤስሲኬ ዲስኩን ሙሉ ቀን ቢያየው «ደህና ነው» ነበር የሚለን።

መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ ማስታገስ

ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ሰርቨሩን እንዳትዘጋብኝ። ዛሬ ሦስት አልበም ይወጣል።» ስለዚህ ሥራው ሁሉ ኤዲተሮቹ እየሠሩ መካሄድ አለበት።

ምንም ከመንካቴ በፊት ዝርዝር አወጣሁ። ፋይንድን «ኤክስታይፕ ኤል» በሚለው ምርጫ ስታዘው የተሰበሩትን ብቻ ይለቅማል። የእያንዳንዱን ሊንክ ቦታና በውስጡ የተጻፈውን አድራሻ በአንድ ፋይል ላይ አስቀመጥኩ። 1,846 ሆኑ። ፋይሉን ፍላሽ ላይም ገለበጥኩት። ስህተት ብሠራ ወደነበረበት የምመለሰው በዚያ ዝርዝር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። የደንበኛ ስም በመሃሉ ባዶ ቦታ አለው፤ ስምና የአባት ስም። በባዶ ቦታ እየቆረጠ የሚያነብ ስክሪፕት አንዱን ደንበኛ ሁለት ያደርገዋል። ስለዚህ ስሞቹን የለየሁት በፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ በማይችለው በኑል ምልክት ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዝርዝሩ ከማስታገሻው በፊት መውጣት አለበት። ማስታገሻው ከሠራ በኋላ ፋይንድ «የተሰበረ የለም» ነው የሚልህ።

ማስታገሻው ደግሞ ቀላል ነበር። 1,846 ወረቀት ከማረም ይልቅ ድሮ ቤቱ በነበረበት ቦታ «ወደዚህ ዞሯል» የሚል አንድ ጽሑፍ መለጠፍ ይቻላል። በ«ሚዲያ» ሥር፣ አሮጌው ዲስክ በነበረበት ስም፣ ወደ /ስቱዲዮ/ማህደር የሚወስድ አንድ ሲምሊንክ ሠራሁ። ሊንክ በሊንክ በኩል ማለፍ ይችላል፤ ሊኑክስ በአንድ መንገድ ላይ እስከ 40 ሊንክ ድረስ ይከተላል። ከኤዲተሮቹ አንዷ ኤፍ5 ተጫነች። «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች። አንድ ሊንክ 1,611 ሊንኮችን አነሳ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ጋሼም «አበቃ በቃ?» ብለውኝ ነበር። አላበቃም። «ሚዲያ» ሥር ያለው ቦታ ሲስተሙ ዲስክ ሲሰካና ሲነቀል በራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው፤ ቋሚ ነገር አይቀመጥበትም። አድራሻው ውስጥ ያለው የተጠቃሚ ስምም ከሥራ የለቀቀው ልጅ ነው፣ አካውንቱ መዘጋት አለበት። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሳምባ ነው። ሊንኮቹ ከጋራው ፎልደር ውጭ ስለሚወጡ «ዋይድ ሊንክስ» የሚባለው ፈቃድ ተከፍቶ ነው የኖረው። ያ ፈቃድ ከተከፈተ ወደ ጋራው ፎልደር የሚገባ ሰው በሊንክ ተሳቦ ሰርቨሩ ላይ ወዳለ ሌላ ነገር መድረስ ይችላል። የሰው የሰርግ ቪዲዮ ያለበት ቤት ነው። እንዲህ ክፍት መተው የለበትም።

እየተሠራበት መለወጥ

ቋሚው መፍትሔ ሊንኮቹን ወደ አንጻራዊ አድራሻ መቀየር ነው። «ጎንደር፣ ፒያሳ፣ እንትን ሕንጻ» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ሁለት ቤት ወደ ላይ» እንደማለት። ከደንበኛው ፎልደር ሁለት ደረጃ ወደ ላይ፣ ከዚያ ማህደር/2013/ሰርግ/0412። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። «ከዚህ» የሚለው የሚቆጠረው ሊንኩ ከተቀመጠበት ፎልደር ነው፤ ትዕዛዙን የሚሰጠው ሰው ከቆመበት አይደለም። እንዲህ ሲሆን ስቱዲዮው በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ቢሄድ እንኳ ሊንኮቹ አብረው ይሄዳሉ፣ አይሰበሩም።

አስር ደንበኞችን ለሙከራ ለየሁ። ሊንክ በሚሠራው በ«ኤልኤን» ትዕዛዝ፣ ሲምሊንክ በሚለውና አስገድድ በሚለው ምርጫ፣ አዲሱን አድራሻ በአሮጌው ሊንክ ስም ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ስህተት ነው የሚል መልዕክት የለም። ሊንኮቹን ስከፍት ይሠራሉ። ደስ አለኝ። ለማረጋገጥ ፋይንድን እንደገና ጠየቅኩት፤ በደንበኞች ብቻ ሳይሆን በመላው ስቱዲዮ ላይ። ከማህደሩ ውስጥ አስር የተሰበሩ ሊንኮች አመጣ። ከዚህ ቀደም እዚያ አንድም አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። ማስታገሻው ስለሠራ አሮጌዎቹ ሊንኮች አሁን ወደ እውነተኛ ፎልደር ያደርሳሉ። ኤልኤን ደግሞ መድረሻ ብለህ የሰጠኸው ስም ወደ ፎልደር የሚያደርስ ሲምሊንክ ከሆነ ተከትሎት ገብቶ አዲሱን ሊንክ ከውስጥ ይሠራዋል። ስለዚህ አሮጌው ሊንክ አልተነካም፤ አዲሱ 0412 ፎልደር ውስጥ ገብቶ «0412» በሚል ስም ተቀመጠ። ከዚያ ቦታ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ሲቆጠር የትም አያደርስም። ወረቀቱን በር ላይ ለጥፍ ብለህ የላክኸው ልጅ በሩን ከፍቶ ሳሎን ውስጥ ለጥፎት እንደመጣ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሳምባ ስለሚደብቃቸው ማንም አያያቸውም ነበር። 1,611 ላይ አስኪጄው ቢሆን በማህደሩ ውስጥ 1,611 የተደበቀ ቆሻሻ ይቀር ነበር።

አስሩን አነሳሁና መንገዱን ቀየርኩ። ከአሮጌው ሊንክ ጎን፣ በጊዜያዊ ስም አዲሱን ሊንክ መሥራት። የሚወስድበት ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ። ከዚያ ስም በሚቀይረው በ«ኤምቪ» ትዕዛዝ አዲሱን በአሮጌው ስም ላይ ማስቀመጥ፣ «ትልቁ ቲ» የሚባለውን ምርጫ ጨምሮ። ይህ ምርጫ «መድረሻውን እንደ ፎልደር አትይ፣ ስሙን ራሱን ተካ» ማለት ነው። እሱ ከሌለ ኤምቪም እንደ ኤልኤን ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ያጣራሁት ሰርቨሩ ላይ ካለው፣ «ማን» ከሚባለው የትዕዛዞች መመሪያ ነው። ኢንተርኔት በሌለባቸው ወራት የያዝኩት ልማድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ማብራሪያ ለብዙ ነገር ይበቃል።

በዚህ መንገድ መሄዱ ሌላም ጥቅም አለው። ኤምቪ በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ስም ሲተካ ከርነሉ በአንድ እርምጃ ነው የሚያደርገው። አንድ ኤዲተር በዚያች ቅጽበት ቢከፍት ወይ አሮጌውን ያገኛል ወይ አዲሱን። «የለም» የሚባልበት ክፍተት የለም። የቆዩ የኤልኤን ስሪቶች ግን አሮጌውን መጀመሪያ ሰርዘው ነው አዲሱን የሚሠሩት። በመሃል የምትፈጠረው ክፍተት ኢምንት ናት፤ ግን አምስት ሰው ሙሉ ቀን በሚከፍትና በሚዘጋበት ሰርቨር ላይ አንድ ቀን መያዟ አይቀርም።

ፋይሉን ቀድሞ የከፈተውስ? እሱ አይነካም። ሊንክ የሚነበበው ፋይሉ ሲከፈት ነው። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፕሮግራሙ የያዘው ፋይሉን ራሱን እንጂ አድራሻውን አይደለም። ከኤዲተሮቹ አንዱ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ ሳለ ከሥሩ ሊንኩን ቀየርኩት። ሥራው ሳይቋረጥ ወጣ።

ሥራው አጋማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ትንሽ ታገለና ተወ። መብራት ሲመለስ በግማሽ የተጻፈ ሊንክ ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ። አልነበረም። የሊኑክሱ ፋይል ሲስተም ኤክስት4 የሊንኩ አድራሻ ከ60 ባይት ካነሰ በኢኖዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ከበለጠ ለብቻው ብሎክ ይይዝለታል። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ 20 ፊደል ላይ ይሞላል። በየትኛውም መንገድ ቢቀመጥ ለውጡ ቀድሞ በሚመዘገብበት በጆርናሉ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ጊዜያዊ ስም ይዘው የቀሩትን አንስቼ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው አስነሳሁት። የተስተካከሉትን ደግሞ ቢነካቸውም አይጎዳቸውም።

ሰ እና ሠ

235 ሊንኮች ቀሩ። አሮጌውን መነሻ በአዲሱ ብተካውም የሚወስዱበት ቦታ የለም። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አትሜ ከልጁ ጋር ተቀመጥን። አብዛኞቹ 2010/ሰርግ የሚሉ ናቸው። ማህደሩን ከፈትን። 2010 አለ። ውስጡ ሠርግ አለ። «ይኸው አለ እኮ!» አለ ልጁ።

አለ፤ ግን ሌላ ስም ነው። ከኤዲተሮቹ አንዱ ለቋንቋው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። በአንድ ወቅት «ትክክለኛው በንጉሡ ሠ ነው» ብሎ የ2010ንና የ2011ን ፎልደሮች ስም አርሟል። ሰው ሲያነበው ሁለቱም ያው ናቸው፣ ድምፁም አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሠ በዩኒኮድ 1220 ነው፣ ሰ ደግሞ 1230። በቁጥር ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በአማርኛ ፋይል የሚሰይም ድርጅት አንድ አጻጻፍ መርጦ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል። እኔ ፎልደሮቹን ወደ ሰ መመለስ አልፈለግኩም፤ በአዲሱ ስም የተሠሩ ሊንኮችም ነበሩ። ሊንኮቹን አረምኩ። 197 ተነሱ።

38 ቀሩ። ከነዚህ ስድስቱ ጉዳት የላቸውም። የሠራተኞች ዶክመንት በተቀመጠበት ፎልደር የፋየርፎክስ ፕሮፋይሎች ነበሩ። ፋየርፎክስ «ይህ ፕሮፋይል ተይዟል» ለማለት የኮምፒውተሩን አድራሻና የፕሮሰሱን ቁጥር የያዘ ሲምሊንክ ይሠራል። የሚወስድበት ፋይል እንዲኖር ታስቦ አይደለም። ሆን ተብሎ «የተሰበረ» ነው። ሁሉንም ቀይ የሚሰርዝ ትዕዛዝ እነዚህንም ይዞ ይሄድ ነበር። እንዳሉ ተውኳቸው።

29ኙን በእጅ ነው የፈታናቸው። ከቀለበት ወደ መልስ የተዛወረ፣ ቁጥሩ ሲጻፍ የተገላበጠ፣ በመጨረሻው ባዶ ቦታ የተጨመረበት። ቅዳሜን ጨረሰብን።

አለ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም

እናትየው ሰኞ ተመልሰው መጡ። እርግጠኛ ነበርኩ። የእሳቸው ቤተሰብ ሊንክ ከ1,611ዱ አንዱ ነው፣ ተስተካክሏል፣ ይከፈታል። ኤዲተሯ ከፈተችው። ሁለት ፎቶ ብቻ። ሁለቱም ከአሮጌ ወረቀት ፎቶ በስካነር የተነሱ። ሰርጉ የለም።

እሳቸው ምንም አላሉም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ።

አድራሻውን ቃል በቃል አነበብኩት። ማህደር/2011/ሰርግ/0187። በሰ። ግን የ2011 ፎልደር ወደ ሠ ተቀይሯል አላልንም? ማህደሩን ስናይ በ2011 ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሰርግም ሠርግም። ስሙ ከተቀየረ በኋላ እሳቸው አንድ ጊዜ ሌላ ፎቶ ሊያሳድሱ መጥተው ነበር። የተቀበላቸው ልጅ 0187ን ሲፈልግ አጣው። የጠፋ መስሎት ሰርግ/0187 ብሎ አዲስ ፎልደር ሠራና ያመጡትን ሁለት ፎቶ አስቀመጠበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊንኩ አልተሰበረም። የተሳሳተ ቤት ነው የሚያንኳኳው። ፋይንድም ሲሰበር እንጂ ሲሳሳት አይነግርህም። የእኔም ስክሪፕት የጠየቀው «አለ ወይ?» ብቻ ነው። አለ።

ሠርግ/0187ን ከፈትኩ። 600 ገደማ ፎቶ። እየወረድን ስንመጣ እሳቸው «እሱ ነው» አሉ። እኔ ገና አላየሁትም ነበር።

የዚያኑ ቀን ቼኩን ቀየርኩት። በሰ እና በሠ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ፎልደሮች ካሉ አሳየኝ የሚል። አራት ተገኙ፣ የእሳቸውን ጨምሮ። አራቱንም በዓይናችን እያየን አስተካከልን። ከዚያ ከየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ደንበኛ እያወጣን ፎልደሩ ውስጥ ያለው ሰውና የፎልደሩ ስም መገጣጠሙን ኤዲተሮቹ አዩልን። ይህን ማሽን አይሠራውም። ፊት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ሁሉም ሲያልቅ ሚዲያ ሥር የለጠፍኩትን ማስታገሻ አነሳሁና ሙሉ ቀን ጠበቅኩ። ማንም አልጮኸም። ዋይድ ሊንክስን ዘጋሁ። የድሮውን ልጅ አካውንት ዘጋሁ። አዲሱ ዲስክ በዩዩአይዲው (በልዩ መለያ ቁጥሩ) እንዲሰካ ኤፍስታብ በሚባለው የሚሰኩ ዲስኮች ዝርዝር ላይ ጻፍኩት። ባክአፑን ደግሞ ወደ ኤክስት4 ዲስክ ቀየርነው፤ ሊንኮቹን እንደ ሊንክ አድርጎ እንዲይዝ።

ሦስት ሊንኮች ቀሩ። የሚወስዱበት ፎልደር በአዲሱ ዲስክ የለም፣ ባክአፑ ላይ የለም። አሮጌውን ዲስክ ሰክተን ፈለግንበት፣ እዚያም የለም። ጋሼ «እንግዲህ እነዚህን ሰርዛቸው» አሉኝ። አልሰረዝኳቸውም። አንዱን በሪድሊንክ አሳየኋቸው። 2014/ክርስትና/0093። የ2014 የደረሰኝ ጥራዝ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ አለ። አወጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ 93ን ፈለጉ። ስልክ ቁጥር አለው።

ደወሉ። የሕፃኑ አባት አዘዞ ነው የሚኖረው። ያኔ የሰጡትን ዲቪዲ እስካሁን አስቀምጦታል። በጥምቀት ማግስት ይዞት መጣ። ገልብጠን 0093 ላይ ስናስቀምጠው ሊንኩን ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ሁለቱ እስካሁን ቀይ ናቸው። አንደኛው ጋ ስልኩ አይሠራም፣ ሌላኛው ጋ የምትነሳው ልጅ «እናቴ ስትመጣ እነግራታለሁ» ብላለች።